«ሥጋው የማን ነው?»

ሰው ሲጓዝ ብዙ ይማራል ይባላል። እኔም ከአዲስ አበባ ጭሮ ድረስ 326 ኪሎ ሜትር ሄጄ አንድ ትምህርት ይዤ መጥቻለሁ። ያስተማረኝ ግን አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ያውም ተቆጥቼው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ሚስት ሊያገባ ሆነ፤ የሙሽሪት ቤተሰቦች ደግሞ ጭሮ ናቸው። ጭሮ ማለት የድሮዋ አሰበ ተፈሪ ናት፣ የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ። በጠዋት የተነሳው አውቶቡሳችን አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን አለፈ። ከዚያ አሰቦትና ሚኤሶ ነው። ሙቀቱ አይጣል! ሸሚዝህን አውልቀህ ብትጨምቀው ውኃ ይወጣዋል። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራሮች መውጣት ሲጀምር ግን ነፋሱ ይለወጣል፣ ሰውም መተንፈስ ይጀምራል። ከተራራው ሥር ጭሮ አለች። ባጃጁ፣ የጫት እስሩ፣ የጭነት መኪናው ጡሩምባ... ሞቅ ያለች ከተማ ናት። ወደ ሂርና፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚያልፈው ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ ምሳውን የሚበላው እዚህ ነው።

የአውቶቡስ ምሳ ታውቁ የለ? ረዳቱ «ሠላሳ ደቂቃ ብቻ!» ብሎ ይጮሃል። ሃምሳ ሰው በአንዴ ምግብ ቤቱን ይወረዋል። ምግቡ እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ያልፋል። ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ጡሩምባው ይነፋል! ሁሉም አፉን እየጠረገ ብድግ። ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ምግብ ለሌላ ሃምሳ ሰው ይበቃል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሩ ላይ ደግሞ ፌስታል የያዙ ልጆች ቆመው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት እኛ አዲስ አበባ «ቡሌ» የምንለውን ነው። ቡሌ ለማታውቁ (ቡሌን የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ!) ከምግብ ቤት የተረፈ፣ ወጡም ሩዙም እንጀራውም አንድ ላይ የተደባለቀ ምግብ ነው። አንዳንዱ በነጻ ይሰጠዋል፣ አንዳንዱ ይሸጠዋል።

እኔ መድረሻዬ ጭሮ ስለሆነ አልቸኮልኩም። አብረውኝ ጥብስ ያዘዙት ሁለት ተሳፋሪዎች ግን ጡሩምባውን ሲሰሙ ሮጡ። ትሪው ከግማሽ በላይ ሙሉ ነው። እንግዲህ ጽድቅ እጄ ላይ ወደቀች አልኩና አንዱን ልጅ ጠራሁት።

«ና ማሙሽ፣ ውሰድ!»

ልጁ ቀረበ። ፌስታሉን ግን አልከፈተም። ትሪውን አየ፣ እኔን አየ።

«ሥጋው የማን ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነዋ! ከፍዬበታለሁ» አልኩት።

«የክርስቲያን ነው የሙስሊም?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እውነቱን ልናገር? ተናደድኩ። «የራበው ሰው ደግሞ ይመርጣል እንዴ?» አልኩት። ጮክ ብዬ ስለነበር ዞር ብለው ያዩኝ ነበሩ። ልጁ አንድም ቃል አልመለሰልኝም። ፌስታሉን አጣጥፎ ወደ በሩ ተመለሰ። ሳይበላ!

ይኼኔ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ የእናቴ እኩያ የሚሆኑ ሴት፣ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«አቦ፣ ልጁን ለምን ትቆጣዋለህ?»

«እትዬ፣ እኔኮ ልሰጠው ነበር...»

«አውቃለሁ ልጄ። አንተ የሙስሊም ሥጋ ትበላለህ?»

ዝም አልኩ። በልቼ አላውቅም። ቢርበኝስ? ርቦኝ አያውቅማ!

«ታዲያ እሱ ስለራበው ሃይማኖቱን አንተ ትሪ ላይ ጥሎ ይሂድ?» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። ሦስት ዕቃ ተደርድሯል። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ያልቀረበ፣ ከድስት የተረፈ ሽሮና ምስር ከእንጀራው ጋር ነው፤ ይህን ሁሉም ይበላዋል። ሁለተኛው ሥጋ የነካው ነው፤ ለሚበላው ብቻ ይሰጣል። ሦስተኛው ለሰው የማይሆን ነው፤ ለከብትና ለውሻ ይሄዳል። «ድሮ ሁሉንም አንድ ላይ እንከተው ነበር» አሉኝ። «ልጆቹ ሳይወስዱ ሲመለሱ ሳይ፣ ምንድነው ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ድስት ነው የጨመርኩት። ሌላ ወጪ የለውም።» ልጁንም በኦሮምኛ ጠርተው ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልለው ሰጡት። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ።

በማግስቱ ሠርጉ ሆነ። ምን አየሁ መሰላችሁ? ሁለት ድንኳን! የሙሽሪት ቤተሰቦች ክርስቲያኖች ናቸው፣ ጎረቤቶቻቸው ግን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ስለዚህ ለሙስሊም እንግዶች በሬው ለብቻ፣ አራጁ ሙስሊም፣ ወጥ ሠሪዋ ሙስሊም፣ ድስትና ቢላዋው እንኳን ለብቻ ነው። የሙሽሪት አባት እየዞሩ «ምን ጎደለ?» ይላሉ። «እንግዳ ደግሞ ይመርጣል እንዴ?» ያለ ሰው አልሰማሁም። ቢልም ባለጌ ነው የሚባለው።

እዚያ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ የትናንቱ ልጅ ትዝ አለኝ። ያው ጥያቄ ነው እኮ! እንግዳ ሲጠይቀው ክብር ነው፣ የተራበ ሲጠይቀው ጥጋብ ይሆናል። ለምን?

ነገሩ የአንድ ትሪ ጥብስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1946 ዓ.ም. አሜሪካ ከገበሬዎቿ የተትረፈረፈውን እህል ወደ ውጭ የምትልክበትን ሕግ አወጣች። ረሃብን ማስታገስ አንዱ ዓላማ ነው፤ የራስን ጎተራ ማቅለል ደግሞ ሌላው። እኛም ለብዙ ዓመታት ከዚያ ስንዴ በልተናል፤ ሕይወትም አድኗል፣ ይህ አይካድም። ግን የሐረርጌ ገበሬ የለመደው ማሽላውን ነው። የእርዳታውን ስንዴ ከፊሉን ገበያ አውጥቶ ሸጦ ሌላ ነገር ሲገዛበት «እነዚህማ አልራባቸውም!» የሚል አልጠፋም። ጨው ቢጎድለውስ? ልጁ ታሞበት ቢሆንስ? ያ ተናጋሪ ማን እንደሚመስል አወቃችሁት? እኔን፣ ትሪዬን ይዤ!

የሀገራችንም ትርፍ ቢሆን መንገድ ይስተዋል። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በወለጋ፣ በጅማና በጎጃም በኩል በቆሎ ከመጠን በላይ ተመርቶ ዋጋው ወደቀ። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ መጣና ምዕራብ ሐረርጌን ጨምሮ በሀገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። አስቡት እስቲ፤ ምዕራቡ በቆሎውን የሚገዛው አጣ፣ ምሥራቁ በቆሎ የሚገዛበት አጣ። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ድርቅ ጊዜም የተረጂው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ሐረርጌ ያኔም ክፉኛ ተጎድቷል።

ጥሩው ነገር ጥያቄው ቀስ በቀስ መሰማቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ችግረኛውን ሥራ እያሠራ በእህል ብቻ ሳይሆን በጥሬ ገንዘብም መክፈል ጀመረ። ብር የያዘ ሰው የሚበላውን ራሱ ይመርጣል። የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ከራሳችን ገበሬ እህል እየገዛ ያከፋፈለባቸው ዓመታት አሉ።

እኛስ? የከተማ ልጆች ነን፤ መርከብ ሙሉ ስንዴ የለንም። ልደት፣ ምርቃት፣ ሠርግና ተዝካር ግን አለን፤ ምግብ ይተርፋል። ስለዚህ ከጓዳው የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከመትረፉ በፊት ቀንሱ። ድግሱ ሲጀመር አንድ ድስት ሳይነካ ለብቻ ይቀመጥ። እጅ ከገባበት በኋላ የሚሰጥ ነገር ትርፍራፊ ነው፤ ቀድሞ የተቀመጠ ግን ምሳ ነው።

ሁለተኛ፣ የጾሙንና የፍስኩን አትደባልቁ። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ለሁሉም ይሆናል፤ ዘይቱ የምግብ ዘይት ከሆነ የሚጾመውም የማይጾመውም ይበላዋል።

ሦስተኛ፣ በዕለቱ አድርሱ። ሲያድር የሚበላሸውን «ነገ እሰጣለሁ» ማለት ሰውን ማሳመም ነው። እንደ መቄዶንያ ወዳሉ የአረጋውያን መርጃ ማዕከላት የምትወስዱ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ምን እንደሚያስፈልግም ጠይቁ።

አራተኛ፣ ካሜራውን ተዉት! በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ «ማዕድ ማጋራት» ሲባል ስንቱ ደግ ሰው ከቤቱ አውጥቶ ሰጠ። አንዳንዱ ግን ከሰጠው ፓስታ ይልቅ የተነሳው ፎቶ ይበዛ ነበር። አንተ ስትጎርስ ማን ፎቶ ያነሳሃል?

አምስተኛውና ዋናው፦ ጠይቁ። «ምን ትበላለህ?» ሁለት ቃል ናት።

በሦስተኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ስል እዚያው ምግብ ቤት ገባሁ። ልጁ በሩ ላይ ነበር። መጀመሪያ ሊሸሸኝ ፈለገ። ይቅርታ ጠየቅሁትና «ምን ትበላለህ?» አልኩት። የምግቡን ዝርዝር ሙሉ ያውቀዋል መሰለኝ፣ ለአፍታም አላሰበ።

«ፓስታ በቲማቲም» አለኝ።

ሁለት ፓስታ አዘዝን፤ እኔም እሱም ፊት ለፊት ቁጭ ብለን በላን። ጡሩምባው ሲነፋ ሳህኖቹን ዞር ብዬ አየኋቸው። ምንም አልተረፈም።

ቸር ይግጠመን!