የኦስታራ የትውልድ ቈጠራ

ፀሐይ የምድርን ወገብ ተሻግራ ወደ ሰሜን በምታዘነብልበት፣ መዓልቱና ሌሊቱም በሚተካከሉበት ዕለት፣ ይኸውም በእኛ ቍጥር መጋቢት 11 ቀን ገደማ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ከዚያም አልፎ በሌላው አገር የሚኖሩ፣ ሃይማኖታቸውን ዊካ ራሳቸውንም ጠንቋዮች የሚሉ ሰዎች፣ ኦስታራ የሚባል የጸደይ መግቢያ በዓል ያከብራሉ። ጠንቋይ ሲባል ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጦ ገብስማ ዶሮ የሚያዝ ሰው ለሚታየው አንባቢ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው፣ እነዚህኞቹ ዶሮዋን ትተው በእንቍላሏ የሚረኩ መሆናቸው ነው። በመሠዊያቸው ላይ ቢጫ አበባ ያኖራሉ፤ እንቍላል ቀቅለው በቀለም ይነክራሉ፤ በጭብጣቸው የያዙትን ዘር ባርከው በሸክላ ዕቃ ይዘራሉ፤ ሻማ አብርተው፣ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። የአውስትራሊያዎቹ ደግሞ ወቅቱ ስለሚገለበጥባቸው ይህንኑ በዓል በመስከረም፣ የእኛ አደይ አበባ ሜዳውን በሚያለብስበት ሰሞን ያከብሩታል፤ ስለዚህ አንዱ ቡድን ጸደይ ገባ ብሎ ሲዘምር ሌላው ቅጠል ረገፈ ብሎ ይተክዛል።

በዓሉ ስንት ዘመኑ ነው ተብለው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ፣ ክርስትና ወደ አውሮጳ ሳይደርስ በፊት የነበረ፣ ቤተ ክርስቲያን የነጠቀችው፣ በገጠር ሰዎች ዘንድ ግን ተደብቆ የኖረ የአባቶች ሥርዐት ነው የሚል ነው። በአገራችን የርስት ሙግት ችሎት ቆሞ የሰማ ሰው ይህን አነጋገር አይስተውም፤ ተሟጋቹ አያት ቅድመ አያቱን፣ ምንዥላት እንጅላቱን እየጠራ ወደ ላይ በወጣ መጠን ድምፁ እየጐላ፣ ምስክሩ ግን እየሳሳ ይሄዳልና። እኔም ይህን የትውልድ ቈጠራ ከላይ ወደ ታች እየመረመርሁ ለመውረድ አሰብሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው፣ እውነቱን ለመናገርም ብቸኛው ምስክር፣ የአረማውያን ካህን ሳይሆን ቆብ የደፋ ክርስቲያን መነኰሴ ነው። ስሙ ቤዳ ይባላል፤ በሰሜን እንግሊዝ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ለገዳም ተሰጥቶ፣ በጃሮ ገዳም በንባብና በጸሎት አርጅቶ በ735 ያረፈ ሊቅ ነው። በ725 ስለ ዘመናት ቈጠራ አንድ ዐቢይ መጽሐፍ ጻፈ። ይህ መጽሐፍ የእንግሊዞች ባሕረ ሐሳብ ነው ቢባል ነገሩን ማጋነን አይሆንም፤ ፋሲካ በየዓመቱ የሚውልበትን ቀን ለማግኘት ከእስክንድርያ ሊቃውንት የተወረሰውን፣ እኛም ንኡስ ቀመር የምንለውን የ19 ዓመት ዑደት ይዞ፣ አበቅቴውን አውጥቶ፣ ዐቢይ ቀመር የምንለውን 532 ዓመትም አስልቶ፣ ሰንጠረዡን እስከ 1063 ድረስ ዘርግቶታልና። ከአኵስም አንድ መሪጌታ ተነሥቶ ጃሮ ቢደርስ ኖሮ፣ ቋንቋው ባይገባውም እንኳ ጣቶቹን አጥፎ እየዘረጋ ከቤዳ ጋር ሲነጋገር ይውል እንደ ነበር አልጠራጠርም። ጠብ የሚነሣባቸው አንድ ቦታ ብቻ ይመስለኛል፤ የእኛ ሊቃውንት ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ሲሉ፣ ቤዳ 3952 ብሎ ጽፏል። በዚህም ነገር፣ ከዚህ መጽሐፍ አስቀድሞ፣ በራሱ አገር በአንድ ጳጳስ ማእድ ላይ መናፍቅ ተብሎ ተነቅፎ፣ በ708 የተቈጣ ደብዳቤ ጽፎ ተከራክሯል።

እንግዲህ ይህ መነኰሴ በዚያ መጽሐፉ በአንዱ ምዕራፍ፣ እንግሊዞች ከመጠመቃቸው በፊት ወራትን በምን ስም ይጠሩ እንደ ነበር ሲተርክ፣ አፕሪል የሚባለውን ወር ኤዎስትሬ በምትባል አማልክት ስም ይጠሩት እንደ ነበር፣ በዚያም ወር ለእርሷ በዓል ይደረግ እንደ ነበር፣ ስሙም ከአሮጌው በዓል ወደ አዲሱ፣ ወደ ፋሲካ፣ እንደ ተላለፈ ያወሳል። ነገሩ ከጥቂት መስመር አያልፍም። እንቍላል አላነሣም፤ ጥንቸል አላነሣም፤ የመዓልትና የሌሊት መተካከልን፣ ማለትም ዕሪናን፣ አላነሣም። እንዲያውም ማርች የሚባለውን፣ ዕሪናው የሚውልበትን ወር፣ ሕሬታ ለምትባል ለሌላ አማልክት ሰጥቶታል፤ እርሷን ግን ዛሬ የሚዘክራት ሰው እምብዛም የለም። ከቤዳ በፊትም ሆነ ከእርሱ ጋር በአንድ ዘመን ስለ ኤዎስትሬ የጻፈ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን አማልክቷን አጠፋች የሚሉት ሰዎች የአማልክቷን ስም እንኳ የሚያውቁት ከቤተ ክርስቲያን ሰው ብዕር ነው።

ከቤዳ በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ ዝምታ ሆነ። ዝምታውን የሰበረው ጀርመናዊው ያዕቆብ ግሪም ነው፤ ከወንድሙ ጋር የገጠር ተረት የሰበሰበው ታላቁ ግሪም። በ1835 ስለ ጀርመን ጥንተ አማልክት በጻፈው መጽሐፍ፣ ጀርመኖችም ፋሲካን እንደ እንግሊዞች ባለ ስም ስለሚጠሩ፣ እንግሊዞች ኤዎስትሬ ያሏት አማልክት በጀርመን ኦስታራ የተባለች ልትሆን ይገባል ብሎ ደመደመ። ድንጋይ አልተገኘ፣ ብራና አልተገለጠ፤ ኦስታራ ከነስሟ በአንድ ታላቅ የቋንቋ ሊቅ ጠረጴዛ ላይ ተወለደች። በብዙ የዓለም ቋንቋ፣ እንደ እኛው ሁሉ፣ የበዓሉ ስም ከዕብራውያን ፋሲካ የመጣ ስለ ሆነ ይህ ጥያቄ ከእንግሊዞችና ከጀርመኖች በቀር የሌላውን ሰው እንቅልፍ የሚነሣ አይደለም።

ጥንቸሏ የመጣችው በሌላ በር ነው። በ1682 ጌኦርግ ፍራንክ ፎን ፍራንከናው የተባለ ሐኪም ስለ ፋሲካ እንቍላል በጻፈው ድርሳን፣ በአልዛስ አገር የዱር ጥንቸል እንቍላል ጥላ በሣር ውስጥ ትደብቃለች እየተባለ ልጆች እንደሚፈልጉ ይተርካል፤ ሐኪም ነውና እንቍላል አብዝቶ መብላት የሚያመጣውን የሆድ መዘዝም ማስጠንቀቅ አልረሳም። ስለ አማልክት ግን ያነሣው ነገር የለም። በ1874 በታተመ መጽሐፍ አዶልፍ ሆልትስማን የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ሊቅ፣ ጥንቸል እንዴት እንቍላል ትጥላለች በሚለው ጉዳይ ሲጨነቅ ቆይቶ፣ ምናልባት የኦስታራ እንስሳ ነበረች፣ ምናልባትም ጥንት ወፍ ነበረች ብሎ ገመተ። የእርሱ «ምናልባት» ብዙ ሳይቈይ በሌሎች እጅ ተረት ሆነ፤ አማልክቷ በብርድ የተጐዳች ወፍ አግኝታ ወደ ጥንቸል ለወጠቻት፣ ወፊቱም የቀድሞ ጠባይዋን ሳትረሳ እንቍላል ጣለች ተባለ። ዛሬ ይህ ተረት ለሕፃናት የሚነገረው ከአረማውያን ዘመን እንደ ወረደ ሆኖ ነው።

የእንቍላሉን ነገር ግን ሁዳዴን የጾመ ሰው ሊቅ ሳያማክር ይደርስበታል። በመካከለኛው ዘመን አውሮጳ የዐቢይ ጾም ሥርዐት ሥጋና ወተት ብቻ ሳይሆን እንቍላልም ይከለክል ነበር፤ ዶሮ ግን ጾም አታውቅም። ብርዱ አልፎ ቀኑ ሲረዝም አብዝታ ትጥላለች፤ ባለቤቶቿ እጃቸውን ሰብስበው ይመለከታሉ። ጾሙ ሲፈታ በየቤቱ የተከማቸው እንቍላል ቢቀቀል፣ ቢቀባ፣ ለጐረቤት ቢሰጥ፣ ለልጆች መጫወቻ ቢሆን ምን ይደንቃል? የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1290 ለፋሲካ 450 እንቍላል በ18 ፔንስ አስገዝቶ በወርቅ ቅብ አስጊጦ ለቤተ ሰዎቹ ማደሉ በወጪ መዝገቡ ተጽፎ ይገኛል። የመዝገቡ ጸሓፊ የጻፈው ዋጋውን ነው እንጂ ምስጢራዊ ትርጓሜውን አይደለም፤ እኔም ከሊቃውንቱ ግምት ይልቅ የእርሱን ሒሳብ አምናለሁ።

በዚህ መካከል የኦስታራ ወገን ሆኖ የተሰለፈ አንድ ያልታሰበ ሰው አለ፤ እርሱም አሌክሳንደር ሂስሎፕ የተባለው ስኮትላንዳዊ ቄስ ነው። የሮማን ቤተ ክርስቲያን አብዝቶ ይጠላ ስለ ነበር በ1858 አስፋፍቶ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የካቶሊኮች በዓል ሁሉ ከባቢሎን የተቀዳ ነው፣ የእንግሊዞች የፋሲካ ስምም የአስታሮት ስም ነው ብሎ አወጀ። ስሞቹ በጆሮ ከመቀራረባቸው በቀር ማስረጃ አልነበረውም። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ፋሲካ የጣዖት በዓል ነው ብለው የሚሰብኩ ክርስቲያኖችና ፋሲካ የእኛ በዓል ነበር የሚሉ ጠንቋዮች ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ይመሰክራሉ፤ ተከሳሽና ከሳሽ እንዲህ ሲስማሙ ዳኛ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ቅርብ ዘመዶቹ ደረስን። ጄራልድ ጋርድነር በማላያ የጉምሩክ ሹም የነበረ፣ ጩቤና ጐራዴ መሰብሰብ የሚወድ እንግሊዛዊ ነው። በ1735 የወጣው የጥንቈላ ሕግ በ1951 ሲሻር ጊዜ አግኝቶ፣ በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ የጥንቱ የጠንቋዮች ሃይማኖት እስካሁን አልጠፋም፣ እኔም ገብቼበታለሁ ብሎ ገለጠ። ማኅበሩ ከለንደን በስተ ሰሜን በብሪኬት ዉድ፣ ልብሳቸውን አውልቀው ፀሐይ በሚሞቁ ሰዎች ክበብ አጠገብ ይሰበሰብ ነበር፤ ሥርዐቱም በዕርቃን የሚፈጸም ነበርና የእንግሊዝን የመጋቢት ብርድ የቀመሰ ሰው ስለ እምነታቸው ጽናት ክፉ ሊናገር አይችልም። የማኅበሩ ዐበይት በዓላት አራት ብቻ ነበሩ፤ በፌብሩዋሪ፣ በሜይ፣ በኦገስትና በኖቬምበር መግቢያ። ሁለቱ ዕሪናዎችና ፀሐይ የምትመለስባቸው ሁለቱ ዕለታት የሚታሰቡት በዳርቻው፣ በአቅራቢያው ባለው ሙሉ ጨረቃ ነበር። በ1958 የማኅበሩ አባላት እነዚህም በራሳቸው ቀን፣ በእኩል ማዕርግ ይከበሩልን ብለው ጠየቁ፤ ጋርድነርም ፈቀደ። ከበዓል ብዛት የተቀየመ ማኅበር በየትም አገር የለም።

ይህን ባለ ስምንት በዓል ዓመት ያጐለመሰው ሌላው ሰው የጋርድነር ወዳጅ ሮስ ኒኮልስ ነው፤ ገጣሚና፣ የጥንቱን የብሪታንያ ካህናት ስም ከያዙት ድሩይዶች አንዱ ነበር። የድሩይዶቹ ዕሪናን ማክበር ደግሞ ሲወርድ ሲዋረድ ወደ ኢዮሎ ሞርጋንግ ያደርሳል፤ እርሱም በ1792 በለንደን ፕሪምሮዝ ኮረብታ ላይ ድንጋይ ደርድሮ የባለ ቅኔዎችን ጉባኤ የጠራ፣ የሚጐድለውን ጥንታዊ ጽሑፍ ራሱ እየደረሰ «ተገኘ» የሚል የዌልስ ድንጋይ ጠራቢ ነው። የቀረው ስሙ ብቻ ነበር። በ1974 በካሊፎርኒያ ኤይዳን ኬሊ የሚባል ጠንቋይ የቀን መቍጠሪያ ሲያሰናዳ፣ አንዳንዶቹ በዓላት ያማረ የጥንት ስም የሌላቸው መሆኑ አስቈጨውና ስም ሲያወጣላቸው፣ ለዚህኛው ኦስታራ የሚለውን ስም አኖረለት። ስሙን ለሰፊው ምእመን ያደረሰው መጽሔት «አረንጓዴ እንቍላል» የሚባል ነበር፤ ይህን እኔ ለማሳመር የጨመርሁት አይደለም። እንግዲህ ከአሕዛብ ዘመን የወረደው በዓል በዚህ ስሙ ሲጠራ ከብዙ አንባቢዎቼ በዕድሜ ያነሰ ነው።

ሙግቱ በዚህ ተዘጋ እንዳልል ግን መሬቷ ራሷ አንድ ምስክር አወጣች። በዚያው በ1958፣ ጠንቋዮቹ በብሪኬት ዉድ በዓል ይጨመርልን ሲሉ፣ በምዕራብ ጀርመን በሞርከን ሃርፍ አጠገብ ከ150 የሚበልጡ የሮማውያን ዘመን የስእለት ድንጋዮች ተገኙ፤ የተጻፈባቸውም «አውስትሪያሄናይ» ለሚባሉ እናቶች ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ድንጋይ ያቆም የነበረው ስእለቱ የሰመረለት ሰው ነው። ስሙ ከኤዎስትሬ ጋር በሥሩ ይዛመዳል ተብሎ፣ ቤዳ ከራሱ ፈጠራት ሲሉ የነበሩ ሊቃውንት አፋቸውን መለስ አደረጉ። ይሁን እንጂ እነዚህ እናቶች ብዙ ናቸው እንጂ አንዲት አይደሉም።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ አንድ ዓመት በለንደን በታወር ሂል፣ ድሩይዶች በየዓመቱ በዕሪናው ቀን በቀትር ወደሚሰበሰቡበት ስፍራ ሄጄ ቆምሁ። ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ቆብ ደፍተው፣ በመኪናው ጩኸት መካከል ተሰልፈው መጡ፤ ክብ ሠርተው ወደ አራቱ ማዕዘን ሰላም አለን? እያሉ ጠየቁ። ከተመልካቹ መካከል አጠገቤ የቆሙ፣ ጠንቋይ መሆናቸውን ያለ እፍረት የነገሩኝ አንዲት አሮጊት ከዘንቢላቸው ቀይ የተነከረ እንቍላል አውጥተው ሰጡኝ። ጾመኛ መሆኔን ነገርኋቸው፤ የእኛ ሁዳዴ ቢዘገይ ከመጋቢት 5 ስለማያልፍ የእርሳቸው በዓል ምንጊዜም ከጾማችን ውስጥ ይወድቃልና። ስለ ግሪምና ስለ ኬሊም በትሕትና አነሣሁባቸው።

«አውቀዋለሁ ልጄ፤ አንብቤዋለሁ» አሉ እንቍላሉን ወደ ዘንቢሉ እየመለሱ። «የቆየ ቢሆን ምን ሊጨምርልኝ ነው? ክረምቱ አልፏል፤ እኔም እስካሁን አለሁ።»

መልስ አጣሁና ወሬ ለመለወጥ ያህል ጾማችን የሚገባበትን ቀን የምናገኝበትን ቀመር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 እንደሚሆኑ፣ በጣቶቼ ቈጥሬ አሳየኋቸው። ዐይናቸው ፈጠጠ። «ይህ ስንት ዘመኑ ነው?» አሉኝ፣ አሁን ዘመን ምን ይጨምርልኛል ያሉት ሴትዮ። እኔም፣ ሳላስበው ደረቴ ቀና ብሎ፣ ባሕረ ሐሳቡ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ሳይማር እንደ ተገለጠለት አባቶች ይናገራሉ አልኋቸው። የ19 ዓመቱ ዑደት ለፋሲካ የዋለው ከድሜጥሮስ ዕረፍት በኋላ በአናቶልዮስ እጅ ነው የሚሉትን የታሪክ ጸሓፊዎች አላነሣሁም። አሮጊቷ ደብተር አውጥተው የድሜጥሮስን ስም ጻፉ፤ ፊደሉን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ዑደቱን ክርስቶስ ሳይወለድ፣ በ432 ዓመት አስቀድሞ፣ በአቴና ያወጀውን ሜቶንን ግን አልነገርኋቸውም፤ አረማዊ ነበርና ወዲያው የእኛ ነው ባሉኝ ነበር።