የኩባያው ዓሣና የርኅራኄ ዋጋ

ለተቸገረ ፍጡር ማዘን ከሰው ልጅ መልካም ጠባዮች አንዱ ነው። ነገር ግን ማዘን አንድ ነገር ሲሆን፥ ያዘኑለትን መርዳት ሌላ ነገር ነው። ሰው ልቡ በራራ ጊዜ እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል፤ ከኪሱ የወጣው ገንዘብ ማንን እንደ ረዳ ሳይመረምርም ልቡ ያርፋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ትንሽ ዓሣ ተናግሬ፥ በእርሱ ምክንያት ስለ ርኅራኄ ያሰብሁትን ለአንባቢ ለማካፈል እፈልጋለሁ። ነገሩ ትንሽ ነው ተብሎ እንዳይናቅ እለምናለሁ፤ ትንሹን ነገር በጥንቃቄ የመረመረ ሰው ትልቁ ሲመጣበት አይደናገርምና።

በልጅነቴ የተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ ደንብ ነበረው። ጧት እኛ ተማሮች ቁርስ ከመብላታችን አስቀድሞ፥ ተረኛ የሆነው ልጅ ለትምህርት ቤቱ አህያና ለዶሮዎቹ ውኃ መቅዳት ነበረበት። ምክንያቱን የጠየቀ ሁሉ፥ «አንተ ቢጠማህ ትናገራለህ፤ እነርሱ ግን አይናገሩም» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ይህች አጭር መልስ ከተማርሁት ብዙ ትምህርት ይልቅ በልቤ ቀርታለች።

በኋላ በሐዋሳ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያህል የተፈጥሮ ሳይንስ አስተምሬ በጡረታ ተሰናበትሁ፤ ዛሬም የምኖረው በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂኒያ ግዛት፥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ከልጄ ቤት ነው። ለሐዋሳ ሰው ዓሣ እንግዳ ፍጥረት አይደለም። ሐይቁ ዳር ቆሮሶው ሲጠበስ፥ አባ ኮዳውም ፍርፋሪ ሲጠብቅ እያየሁ ኖሬአለሁ፤ ዓሣም በደስታ እበላለሁ። ስለዚህ የምናገረው ዓሣ አይበላ ለማለት አይደለም። ለመብል የተያዘ ዓሣ ቶሎ ይሞታል፥ ሰውንም ያጠግባል። ለጌጥ ተብሎ በትንሽ በትንሹ እየሞተ የሚቀመጥ ፍጡር ግን ማንን ያጠግባል?

ነገሬ ስለ ቤታ ዓሣ ነው። ቤታ አገሩ ታይላንድ ነው፤ የዚያ አገር ሰዎች «ፕላካት» ይሉታል፥ ትርጓሜውም የሚነክስ ዓሣ ማለት ነው። የሳይንስ ስሙን፥ ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን፥ ቻርልስ ቴት ሬጋን የተባለ እንግሊዛዊ የዓሣ ሊቅ በ1910 እ.ኤ.አ. አወጣለት። የታይላንድ መንግሥትም በ2019 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ብሔራዊ የውኃ እንስሳ እንዲሆን ወስኗል። በተፈጥሮው የሚኖረው ሞቃትና ጥልቀት በሌለው ውኃ፥ በሩዝ እርሻና በረግረግ፥ ሣርና ቅጠል በበዛበት ስፍራ ነው። በዱር ያለው መልኩ ደብዘዝ ያለ ነው፤ እንደ ቀሚስ የሚንዘረፈፈው ክንፍና የሚያንጸባርቀው ቀለም ሰዎች እየመረጡ በማርባት ያመጡት ነው።

የዚህ ዓሣ ጠባይ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ወንዱ ከሌላ ወንድ ጋር ከተገናኘ ይዋጋል፤ ነገር ግን ይኸው ኃይለኛ ተዋጊ እጅግ የተመሰገነ አባት ነው። በውኃው ገጽ ላይ አረፋ በአፉ እየነፋ ጎጆ ይሠራል፤ እንስቲቱ የጣለችውን እንቁላል አንድ በአንድ በአፉ እየለቀመ በአረፋው ውስጥ ያስቀምጣል፤ የወደቀ እንቁላል ቢኖርም ወርዶ ያነሣና ወደ ስፍራው ይመልሰዋል። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው በራሳቸው መዋኘት እስኪችሉ ድረስ ከዚያ አይርቅም።

ደግሞም እንደ ሌሎቹ ዓሦች በውኃ ውስጥ ባለው አየር ብቻ አይወሰንም። በራሱ ውስጥ የተለየ የመተንፈሻ ብልት ስላለው፥ ወደ ውኃው ገጽ ብቅ ብሎ እንደ እኛ ከአየር ይተነፍሳል። ይህም ሙቀት በበረታበትና አየር ባነሰበት የረግረግ ውኃ እንዲኖር የተሰጠው ችሎታ ነው። ሌላ ዓሣ በአጭር ጊዜ በሚሞትበት ጠባብ ውኃ ቤታ ብዙ ቀን ይቆያል። ነጋዴዎችም ይህን ባወቁ ጊዜ፥ «እንግዲያስ በኩባያ ይቀመጥ» አሉ። መቻሉ የመከራው ምክንያት ሆነበት። ይህ ነገር በሰው ዘንድም አለ፤ በማስተማር ዘመኔ፥ አርባና ሃምሳ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ የተሰበረው ወንበር ዘወትር የሚደርሰው ለማያማርረው ልጅ እንደ ነበረ አይቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር፥ በዚህ አገር ብርድ በሚበረታበት ጊዜ፥ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ የቤት እንስሳት ወደሚሸጡበት አንድ ትልቅ ሱቅ ሄድሁ። በአንድ መደርደሪያ ላይ ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ኩባያዎች ተደራርበው ነበር፤ በያንዳንዱም ውስጥ አንድ ቤታ አለ። ውኃው በአንዳንዱ ደፍርሷል፤ ከሥሩም የምግብ ትርፍና ኩስ ተጠራቅሟል። ከታች ባለው ረድፍ አንድ ሰማያዊ ዓሣ ክንፉ እንደ ተበላ ጨርቅ ተሸራርፎ፥ በጎኑ ተጋድሞ ይተነፍስ ነበር። ልጅቱ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ፥ «አባባ፥ እንግዛውና እናድነው» አለችኝ። ዋጋው ከአንድ ምሳ የሚያንስ ነበር።

እኔ ግን አልገዛሁትም። ምክንያቱንም እዚያው ቁጭ ብዬ ነገርኋት። ሱቁ የሸጠውን ይቈጥራል፤ በጎደለውም ልክ ሌላ ያስመጣል። የገዛው ሰው በደስታ ይግዛው ወይም በዕንባ፥ የሂሳቡ መዝገብ ልዩነቱን አይጽፍም፤ «አንድ ቤታ ተሸጠ» ይላል እንጂ። እኛ ይህን ዓሣ በገዛን ጊዜ፥ በስፍራው ሌላ ዓሣ ከእስያ በትንሽ ከረጢት ታሽጎ በአውሮፕላን ይመጣል፥ በዚሁ ኩባያም ይቀመጣል። እንዲህ ከሆነ የዚህን መከራ ያስቀረን እየመሰለን የሚቀጥለውን መከራ እንከፍላለን ማለት ነው። ልጅቱ ሰማችኝ፤ ነገር ግን ኩባያውን መልሳ ስታስቀምጥ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

በሳምንቱ ተመልሰን በሄድን ጊዜ ያ ሰማያዊ ዓሣ አልነበረም። ልጅቱ የት እንደ ሄደ ሠራተኛውን ጠየቀችው፤ እርሱም ዝም አለ፥ እርሷም ገብቷት አለቀሰች። አንባቢ ሆይ፥ ያደረግሁት ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም ቢሆን ይህንኑ አደርጋለሁ። ነገር ግን ሐሳቤ ትክክል ስለ ሆነ ዋጋ አልተከፈለበትም አልልም። ዋጋው ተከፍሏል፤ የከፈለውም እኔ ሳልሆን ዓሣው ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ተረዳሁ፤ ይኸውም፥ «ገንዘቤን ለክፉ ሥራ አልሰጥም» ብሎ እጁን የሰበሰበ ሰው፥ በገንዘቡ ፈንታ ድካሙን ካልሰጠ፥ ስስት መልካም ስም ተሰጠው እንጂ ሌላ ነገር አልተደረገም።

ስለዚህ ወደ ሥራ ገባን። በመጀመሪያ ሠራተኛውን በትሕትና አነጋገርሁት። ወጣቱ ጨካኝ አልነበረም፤ ብዙ ኩባያ ለብቻው እንዲጠብቅ የታዘዘና፥ ወለል መጥረግና ዕቃ መደርደርም የተጨመረበት ሰው ነበር። ቁጣዬን በእርሱ ላይ ባወርድ ኖሮ ከዓሦቹ ቀጥሎ ያለውን ደካማ መምታት በሆነ ነበር። ቀጥሎ ለሱቁ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፍሁ። ስድብም ማስፈራራትም አልጻፍሁበትም፤ በየሳምንቱ ማክሰኞ እየሄድን ልጅቱ በደብተሯ የመዘገበችውን፥ ስንት ኩባያ እንደ ደፈረሰ፥ ስንት ዓሣም ሞቶ እንዳገኘን ብቻ አሰፈርሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ጊዜ ደብተሩን ራሱን ይዘን ከኃላፊው ፊት ቆምን። ሰውየው ገጾቹን አገላብጦ የልጅ ጽሕፈት መሆኑን ባየ ጊዜ ተቀመጠ።

ያገኘነው ውጤት ትልቅ አልነበረም። ኃላፊው ከሚያስመጣው ቍጥር ቀነሰ፤ ውኃው የሚለወጥበትን ቀን በኩባያው ላይ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ታመው የማይሸጡትንም ያለ ዋጋ እንድንወስድ ፈቀደልን። መደርደሪያው ግን ዛሬም አለ፥ ኩባያዎቹም አሉ። ያለ ዋጋ ከወሰድናቸው ከሁለቱ ዓሦች አንዱ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ሁለተኛው፥ ቀይ የነበረው፥ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከእኛ ጋር ኖረ።

እዚህ ላይ ርኅራኄ ያለ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚጐዳ ልናገር። የታመመ ዓሣ ወደ ቤት አምጥቶ ባማረ ማሰሮ ውስጥ ከቧንቧ ውኃ ጋር ያስቀመጠ ሰው፥ ኩባያውን ለወጠለት እንጂ አላዳነውም። በቧንቧ ውኃ ያለው ክሎሪን ለሰው የሚጠቅም ሲሆን ዓሣውን ግን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በመድኃኒት መጥፋት አለበት። ዓሣው የሚጥለው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያም መተንፈሻውን ይልጠዋል። በቆየ ገንዳ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴርያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወዳነሰ ናይትሬት ይለውጡታል፤ እነርሱ እስኪበዙ ግን ብዙ ሳምንት ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ውኃውን በየቀኑ በከፊል መለወጥ የጠባቂው ግዴታ ነው። ገንዳው ቢያንስ 19 ሊትር ያህል ቢይዝ፥ ሙቀቱም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይስማማዋል። የእኛ ቀይ ዓሣ ሌላ መድኃኒት አላየም፤ ያዳነው ንጹሕና ሞቅ ያለ ውኃ ነው። የተበላ ክንፉ ከዳር ጀምሮ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ሆኖ ሲበቅል፥ ልጅቱ በየማለዳው በማስመሪያ ትለካው ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ስነግራቸው፥ «የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ በኩባያ ያደገ ዓሣ ሌላ ምን ያውቃል?» ይላሉ። ተረቱ ስለ ናፍቆት እውነት ነው፤ ስለ ሥጋ ግን አይደለም። የሩዝ እርሻውን አይቶ የማያውቅ ዓሣ እርሻውን አይናፍቅ ይሆናል፤ አሞኒያው ግን ያውቅ ወይም አያውቅ ብሎ ሳይጠይቅ ያቃጥለዋል፥ ብርዱም እንዲሁ ያደነዝዘዋል። ለተጨቆነ ሁሉ፥ «እርሱ ለምዶታል» ማለት የጨቋኝ የቆየ ምክንያት ነው።

ሌላው ወዳጄ ደግሞ፥ «ሰው በሚራብበት ዘመን ለዓሣ ታለቅሳለህን?» አለኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ሰው ከዓሣ እንደሚበልጥ አልጠራጠርም። ነገር ግን ርኅራኄ እንደ ጎተራ እህል፥ ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል አይደለም። ያቺ ልጅ በዓሣው ደብተር ላይ መመዝገብን፥ መታገሥን፥ ከኃላፊ ፊት ሳይፈሩና ሳይሳደቡ መናገርን ተማረች። በትምህርት ቤቷ ቋንቋ የማታውቅ አዲስ ልጅ ብቻዋን ስትበላ ባየች ጊዜ፥ ሳህኗን ይዛ ወደ እርሷ የሄደችው ማንም ሳይነግራት ነው። ይህን የሰማሁት ከመምህሯ ነው፤ እርሷ ራሷ አልነገረችንም።

ያዘነ ሰው ገዝቶ ቢወስድ ግን ኃጢአተኛ ነው አልልም። በዓይኑ ፊት የሚሞተውን ትቶ ማለፍ ያልቻለ ልብ ሊነቀፍ አይገባውም። እንዲህ ያለውን ሰው የምለምነው፥ የገዛበትን ደረሰኝ ይዞ እንዳይሄድ፥ ቆሞም ኃላፊውን እንዲያነጋግርና በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ እንዲያይ ነው። ያልገዛውንም ሰው የምለምነው ይህንኑ ነው። የገዛውም ያልገዛውም የሚገናኙት በዚህ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ የመጀመሪያው ቀን የስሜት ቀን ነውና፥ ማንም ሊራራበት ይችላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባላል፤ በእጃችን የገባ ፍጡር ሁሉ ወዶም ሆነ ተገዶ በእኛ ተማምኖ ያድራል። በቤትህ ውሻ ወይም ዶሮ ወይም ዓሣ ቢኖር፥ ከቁርስህ በፊት ውኃውን እይለት። የማይናገር ሲጎዳ ባየህ ጊዜም ወደ ኪስህ ከመቸኮልህ በፊት ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ መርምር፤ መርምረህም እንዳትተወው። የልብ ርኅራኄ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ሥራው ግን ማክሰኞ ማክሰኞ መሄድን ይጠይቃል።