የዒድ እራት በአንድ ትሪ

የ2017 ዒድ አል ፈጥር የዋለው በሁዳዴ ጾም መካከል ነበር። ቤት ተከራይተን የምንኖር አራት ተማሪዎች ለእራት ላዛኛ ልንሠራ አሰብን፤ ጣሊያኖች ሥጋው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጨምሩትን ወይን ትተን፣ ሥጋውንም ከሐላል ሥጋ ቤት ገዝተን። ታዲያ በረመዷን ለኢፍጣር ተምር ይዘውልን ሲመጡ የከረሙት ክርስቲያን ጓደኞቻችን ምን ሊበሉ ነው? ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤው ሁሉ አይሆናቸውም። ለብቻ ሰሃን ማቅረብ ደግሞ ከማዕዳችን እንደ መለየት ሆነብን።

ላዛኛውን ተውነው። ስፓጌቲ ቀቅለን በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ሠራን። ይህም የጣሊያን ምግብ ነው፤ ደረቁ ፓስታም የስንዴና የውሃ ሥራ ነው። አንድ ትሪ ከበን በላን። ከመካከላችን ቅቤ ያማረው አልጠፋም፤ ሰው ግን አልጎደለብንም። አልሐምዱሊላህ።