ቀብድ ተቀብዬ ልቤ ሲሸፍት

ወዳጆቼ፣ ይህችን ስጽፍ ትንሽ እያፈርኩ ነው። ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔው ብትሰሙት ይሻላል።

እዚሁ ጅማ መርካቶ አንዲት የቡና መፍጫ ማሽን ነበረችኝ። ድሮ ካስተማርኩት ልጅ ጋር በ90 ሺህ ብር ተስማማን። 15 ሺህ ቀብድ ሰጠኝ፣ ምስክር ፊት ወረቀት ተፈራረምን። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው መጣና "ጋሼ፣ 120 ሺህ ልስጥዎት" አለኝ። ልቤ ሸፈተ። ልጁን ጠርቼ "ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ብርህ ይኸው" ብዬ 15 ሺሁን ዘረጋሁለት።

አልተቀበለኝም። "ቲቸር፣ የሚመልሱልኝ 30 ሺህ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ።

አልቀለደም። ማታ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥኩ፤ ቁጥር 1885። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ልተው ካለ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለ ሰው ልተው ካለ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ማለት የመውጫ ዋጋ ነው፣ ለሁለቱም ወገን።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ አንድ አይደሉም። ቅድሚያ ክፍያ የዋጋው ከፊል ነው እንጂ ውሉን ጥሎ ለመውጣት በር አይከፍትም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የምትጽፏት ቃል ብር ታወጣለች።

ሌላው ሰው ቃሉን ሳይፈጽም ሲቀርም "ውላችን ፈርሷል" ብሎ ስልክ መዝጋት ብቻውን አያዋጣም። በመደበኛው መንገድ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ብትችሉ በጽሑፍ። ለመፈጸም የሚበቃ ጊዜም ይቆረጥለታል። ያ ቀን ካለፈ ውሉን መሰረዝ ይቻላል። ከተሰረዘ በኋላ ሁለቱም የተቀበሉትን ይመላለሳሉ፣ ጉዳት የደረሰበትም ኪሳራ ይጠይቃል። ካልተስማሙ ፍርድ ቤት አለ።

ወደ ማሽኗ ልመለስ። ሒሳቡን ሠራሁት። 15 ሺህ ከራሴ ጨምሬ 30 ሺህ ብመልስለት እንኳ ለሌላው ሸጬ 15 ሺህ አተርፋለሁ። ሕጉም አይከለክለኝም። ልጁ ግን የኔን ቃል አምኖ ሱቅ ተከራይቶ ነበር፤ ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም፣ ከሰው ነው የሰማሁት።

ማሽኗ ዛሬ እሱ ሱቅ ትፈጫለች። በ90 ሺህ።

እናንተም እጥፉን ለመመለስ ካልቆረጣችሁ፣ ለቀብድ እጃችሁን አትዘርጉ።