ዱለት በጠፈር

ሰሞኑን ማታ ማታ የሮቷችን ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ እንቅልፍ ይነሳኛል። ጥፋቱ የቧንቧው ብቻ አይደለም፤ «ኤሊያን»ን እንደገና አይቼ ነው። ሪድሊ ስኮት በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጣው በዚያ ፊልም፣ አንድ የጠፈር መርከብ ጥገና ሠራተኛ ድመት ፍለጋ ይወጣል። ሰንሰለቶች ይንቀጫቀጫሉ፣ ከላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ለጠብታው ይሰጣል፤ ሙቀት ያደከመው ሰው እንደሚያደርገው። ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። እኔ ጋ የቀረው ጠብታው ነው።

ሰባቱ ሠራተኞች ጀግኖች አይደሉም። ማዕድን ጭነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ፣ በቦነስ የሚነዛነዙ፣ ሲጋራቸውን የሚያጨሱ ሰዎች ናቸው፤ የረጅም መንገድ ሹፌርና ረዳት በላቸው። አውሬው ከመምጣቱ በፊት ፊልሙ ከእነሱ ጋር ብዙ ይቆያል። ትዕግሥት የሌለው ተመልካች እዚህ ላይ ስልኩን መነካካት ይጀምራል። ይጀምር፤ የሚቀርበት እሱው ነው።

አውሬው ከአንዱ ሠራተኛ ደረት ፈንቅሎ የሚወጣው ደግሞ ማዕድ ላይ ነው፤ እየበሉ፣ እየሳቁ። ገበታ ላይ ክፉ ወሬ እንኳ አይወራም ተብለን ላደግን ይህ ነውር ነው። ተዋናዮቹ ደሙ የቱን ያህል እንደሚረጭ በቅጡ አልተነገራቸውም ነበር፤ ፊቷ ላይ የተረጨባት ሴት የጮኸችው ከልቧ ነው።

ዕቃዎቹስ? የአውሬው እንቁላል ውስጡ የላም ጨጓራ ነው። ከእንቁላሉ ወጥቶ ሰው ፊት ላይ የሚለጠፈው ፍጡር ሞቶ ሆዱ ሲመረመር የምናየው የዛጎል ሥጋና የበግ ኩላሊት ነው። እኛ ቤት እኮ ጨጓራ በበዓል ጠዋት ከጉበት ጋር ተከትፎ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ ዱለት ይሆናል። እናቴ አጠገቤ ብትሆን «ይሄ በደንብ አልታጠበም» ትል ነበር።

አውሬው ራሱ ሁለት ሰዓት ገደማ በሚፈጀው ፊልም ውስጥ የሚታየው ለአራት ደቂቃ ያህል ነው። መልኩን የነደፈው ስዊዘርላንዳዊው ጊገር ዓይን ነሥቶታል፤ ወዴት እንደሚያይ እንዳይታወቅ። «አያ ጅቦ መጣ!» እያሉ ያስተኙንም ጅቡን አምጥተው አላሳዩንም። በኋላ የመጡት ተከታታይ ፊልሞች አውሬውን አዟዙረው ባሳዩን ቁጥር ለእኔ ከብት እየሆነ ሄደ።

የአውሬውን ልብስ የለበሰው ቦላጂ ባዴጆ የሚባል ናይጄሪያዊ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበር፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር። ለንደን ውስጥ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ነው ያገኙት። ጅራቱ ወንበር ላይ ስለማያስቀምጠው፣ በቀረጻው መሃል የሚያርፍበት ዥዋዥዌ ሠሩለት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ፊልም አልሠራም፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ገና በወጣትነቱ አረፈ። ለንደን ከመድረሱ በፊት ደግሞ ኢትዮጵያ ኖሮ ሥዕል ተምሯል።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ ፊልሙን ሳይ ሐሳቤ ይሰረቃል። ያ ሁሉ ቁመት ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደርሶ ይታየኛል። ዱለት አቅርበውለት ይሆን?