በሁለት ውኃዎች መካከል ያለው መንገድ

በየዓመቱ የጁን ወር ሁለተኛ ዓርብ ጠዋት፣ ባንፍ በተባለችው የካናዳ የተራራ ከተማ ብስክሌተኞች ይሰባሰባሉ። የመመዝገቢያ ክፍያ የለም። ለአሸናፊው የሚሰጥ ገንዘብ የለም። ከኋላ የሚከተል መኪና፣ ውኃ የሚያቀብል ረዳት፣ ጎማ የሚቀይር መካኒክም የለም። ከፊታቸው ያለው 4,400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ አብዛኛው አስፋልት ያልነካው የተራራ መንገድ ነው። አልበርታንና ብሪቲሽ ኮሎምቢያን አልፎ ወደ አሜሪካ ይገባል፤ ሞንታናን፣ አይዳሆን፣ ዋዮሚንግን፣ ኮሎራዶንና ኒው ሜክሲኮን አቋርጦ ሜክሲኮ ድንበር ላይ፣ አንቴሎፕ ዌልስ በተባለ ቦታ ያበቃል። ሽቅቡ ሁሉ ቢደመር ወደ 60,000 ሜትር ይጠጋል። ራስ ደጀንን ከባሕር ጠለል ተነስቶ 13 ጊዜ እንደመውጣት ነው።

መንገዱ ግሬት ዲቫይድ ይባላል። ካርታውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጣው፣ መቀመጫውን ሞንታና ውስጥ ሚዙላ ከተማ ያደረገው አድቬንቸር ሳይክሊንግ አሶሲዬሽን ነው። ማኅበሩ ራሱ የተወለደው በ1976 የአሜሪካ 200ኛ ዓመት ሲከበር ብዙ ብስክሌተኞች አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ካቋረጡበት ጉዞ ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው የሰሜን አሜሪካ ውኃ ለሁለት ከሚከፈልበት ሸንተረር ሲሆን፣ ይህን ሸንተረር 30 ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ይሻገረዋል። በ1999 ጆን ስታምስታድ የተባለ ብስክሌተኛ የአሜሪካውን ክፍል ብቻውን፣ ያለ ረዳት፣ በ18 ቀን ከ5 ሰዓት ጨረሰ። ዛሬ ቱር ዲቫይድ የሚባለው ከባንፍ የሚነሳው ውድድር ደግሞ በ2008 ጀመረ።

በዚህ መንገድ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ሰው ግን ተወዳዳሪ አይደለም። ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ጊዜ ይዞ፣ ቤቱን በብስክሌት ላይ አስሮ የወጣ መንገደኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዕቅድ ሊያወጣ ሲቀመጥ መጀመሪያ 4,400ን ለ60 ቀን ያካፍላል። በቀን 73 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል፤ ለብርቱ ሰው የሚያስፈራ ቁጥር አይደለም። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ዕቅዱ ግን ገና አልተጀመረም። ይህን መንገድ የሚያከብደው በአንዱ ውኃና በሚቀጥለው ውኃ፣ በአንዱ ሱቅና በሚቀጥለው ሱቅ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ዕቅድም መጀመር ያለበት እነዚህን ክፍተቶች አንድ በአንድ ከመልቀም ነው።

ዋዮሚንግ ላይ ያለው ግሬት ዲቫይድ ቤዚን ይህን ከሁሉ በላይ ያሳያል። ሸንተረሩ እዚያ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ሰፊ ደረቅ ሜዳ መሐሉ ላይ ያቅፋል። በዚያ ሜዳ ላይ የወረደ ዝናብ ወደየትኛውም ውቅያኖስ አይደርስም፤ ወይ ይተናል ወይ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። መንገደኛው ወደዚህ ሜዳ የሚገባው ከአትላንቲክ ሲቲ ተነስቶ ነው። ሲቲ ትባል እንጂ ከወርቅ ፍለጋው ዘመን የተረፈች የጥቂት ቤቶች መንደር ናት። ከእርሷ እስከ ሮሊንስ ከተማ ድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አንድም ሱቅ አይገኝም። ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም፤ ንፋሱ ደግሞ ከፊት ከመጣ የአንድ ቀን መንገድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ውኃ የሚገኘው በተቆጠሩ ቦታዎች ብቻ ነው፤ እሱም ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ ወይም ኩሬ ሊሆን ስለሚችል ማጣሪያ የግድ ነው።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስድስት ሊትር የጫነ ሰው ድንኳኑና የመኝታ ከረጢቱ ተደምረው ከሚመዝኑት የበለጠ ሸክም ጨምሯል። ስለዚህ ብስክሌቱ ላይ ስንት የውኃ መያዣ እንደሚታሰር የሚወስነው ይህ ሜዳ ነው፤ ባንፍ አካባቢ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ የሚገኙት ወንዞች ሰውን ያዘናጋሉ። ለአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ሁለት ኮዳ በቅቶት የመጣ ሰው፣ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ቦታ እንዳላዘጋጀ የሚያውቀው ውኃ የሌለበት ቦታ ሲደርስ ነው።

ወደ ደቡብ ሲወረድ ክፍተቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከፓይ ታውን እስከ ሲልቨር ሲቲ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ፤ በጊላ ጫካና ተራራ ውስጥ ያልፋል። ፓይ ታውን ስሟን ያገኘችው በምትሸጠው ፓይ ነው፤ ብስክሌተኛ ሁሉ እያሰባት ይመጣል። ችግሩ ምግብ ቤቶቿ ሁልጊዜ ክፍት አለመሆናቸው ነው። በተዘጉበት ቀን የደረሰ ሰው ለቀጣዩ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ምግብ ከዚያ በፊት ከነበረው ከተማ ይዞ መምጣት ነበረበት። ስለዚህ በዕቅዱ ደብተር ላይ ከከተማው ስም ጎን የሱቁ የመክፈቻ ቀንና ሰዓት ይጻፋል፤ የእሁድ ቀን ሁኔታ ደግሞ ለብቻው። የአሜሪካ ፖስታ ቤቶች በጄኔራል ዴሊቨሪ ስም የተላከ ጥቅል ተቀብለው ያቆያሉ፣ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት የደረሰ ሰው ጥቅሉን ለመውሰድ ሰኞን ሊጠብቅ ይችላል።

ስለ ስንቅ ሲነሳ ለአማርኛ አንባቢ የተለየ ነገር አለ። ሱቅ በሌለበት አገር ብዙ ቀን መጓዝ ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ የተፈጠሩት ለዚሁ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውኃ ካለ በደቂቃ ውስጥ ምግብ ነው፣ ቦታ አይወስድም፣ በሙቀት አይበላሽም። በየነዳጅ ማደያው ከሚገዛው ቺፕስና ከረሜላ ጋር ሲነጻጸር ሆድንም ጉልበትንም የበለጠ ያቆያል። ጾም ለሚጾም ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከምርጫ በላይ ነው፦ የጉዞው ወቅት ከጾመ ሐዋርያትና ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል፤ በመንገዱ ላይ ያሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች የሚያቀርቡት ግን በብዛት ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ ነው። ጾመኛ መንገደኛ ስንቁን በፖስታ አስቀድሞ ቢልክ ጾሙንም ጉልበቱንም ይጠብቃል።

ምግብ የሚስበው ሰውን ብቻ አይደለም።

ከባንፍ ጀምሮ እስከ የሎውስቶን አካባቢ ድረስ ያለው አገር የግሪዝሊ ድብ አገር ነው። በጁላይ 2021 ኦቫንዶ በተባለችው የሞንታና መንደር፣ ብስክሌተኞችን በደግነት በምታሳድር ትንሽ መንደር ውስጥ፣ ድንኳኗን ተክላ የተኛች አንዲት መንገደኛ በግሪዝሊ ተገድላለች። ይህ ሰውን ከመንገዱ ለማስቀረት የሚነገር ታሪክ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው። ግን መንደር ውስጥ ማደር ብቻውን እንደማይጠብቅ ያስተምራል። ምግብ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ማታ ከድንኳን ርቆ ዛፍ ላይ ይሰቀላል ወይም ድብ በማይከፍተው ሣጥን ይቀመጣል። በርበሬ የሚረጨው የድብ መከላከያ ደግሞ በአውሮፕላን በእጅም በሻንጣም ስለማይፈቀድ፣ ለመግዣው ባንፍ ላይ ጊዜ መያዝ አለበት። ከተገዛም በኋላ ቦታው እጅ በቶሎ የሚደርስበት መሪው አጠገብ ነው።

ወቅት መምረጥ ከሚመስለው በላይ ያስጨንቃል። ቀድሞ የወጣ ሰው ሰሜን ላይ በረዶ ይጠብቀዋል፤ በጁን 2022 በበረዶና በዝናብ የተያዙ የውድድሩ ተሳታፊዎች በነፍስ አድን ሠራተኞች ወጥተዋል። ዘግይቶ የወጣ ደግሞ የሰደድ እሳት ጭስና የተዘጋ መንገድ ሊገጥመው ይችላል፤ ኮሎራዶና ኒው ሜክሲኮ ሲደርስም የከሰዓት በኋላ መብረቅና ዝናብ አለ። ዝናቡን ተከትሎ ጭቃው ይመጣል። ያ ሸክላ አፈር እንደ መረሬ ነው፦ ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ፍሬኑን ይሞላል፣ ብስክሌቱን ጨርሶ ያስቆመዋል። በጉልበት ለመግፋት የሚሞክር ማርሽ መለወጫውን ይሰብራል። መፍትሔው ቆሞ እስኪደርቅ መጠበቅ ሲሆን፣ ይህን ማድረግ የሚችለው በዕቅዱ ውስጥ ትርፍ ቀንና ትርፍ ምግብ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ብስክሌቱ ብዙ ይጻፋል፣ እዚህ ላይ ባጭሩ ይበቃል። ወፍራም ጎማ፣ ለሽቅብ የሚሆን በጣም ቀላል ማርሽ፣ ከባዱ ዕቃ በብስክሌቱ አካል መሐል፣ ቀላሉ መኝታና ልብስ ከፊትና ከኋላ። ትርፍ የፍሬን ሸራ፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ የእጅ መንፊያ። አንድ ነገር ግን በተለይ ሊነሳ ይገባል፦ ማርሽ መለወጫውን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት በየብስክሌቱ ዓይነት ስለሚለያይ፣ በመንገድ ላይ ባሉ ሱቆች ላይገኝ ይችላል። ክብደቱ ከምንም አይቆጠርም፤ እሱ የሌለው ሰው ግን ለቀናት ሊቆም ይችላል።

ዕቅድ ያለው ሰው ዕቅዱ ሲፈርስ ምን እንደሚያደርግ ከላኤል ዊልኮክስ መማር ይቻላል። በ2015 ይህች የአላስካ ሴት ከአንኮሬጅ ተነስታ እስከ ባንፍ መነሻው ድረስ በብስክሌቷ መጣች። ውድድሩ ላይ መተንፈሻዋን ታመመች፤ ቢሆንም በ17 ቀን ከ1 ሰዓት ከ51 ደቂቃ የሴቶችን ክብረ ወሰን ሰብራ ጨረሰች። አርፋ፣ አገግማ፣ በዚያው በጋ ብቻዋን ተመለሰችና በ15 ቀን ከ10 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ደገመችው። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዛዊው ማይክ ሆል በ13 ቀን ከ22 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ጨረሰ። ሆል በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ በሌላ ረጅም ውድድር ላይ ሳለ መኪና ገጭቶት ሞተ። ይህን ማንሳት የሚያስፈልገው ለዕቅድ ነው፦ ረጅም መንገድ ላይ ካሉ አደጋዎች ሁሉ መኪና አንዱና ትልቁ ነውና፣ አስፋልት የሚነካባቸው ክፍሎች በጨለማ እንዳይውሉ ማስላት፣ መብራትና የሚያንጸባርቅ ልብስ መያዝ ከክብደት ቅነሳ በፊት የሚመጣ ነገር ነው።

መጨረሻውም ዕቅድ ይፈልጋል። አንቴሎፕ ዌልስ ከተማ አይደለም፤ የድንበር ጣቢያ ብቻ ነው። ሆቴል የለም፣ አውቶቡስ የለም። የደረሰ ሰው ወይ አስቀድሞ የሚወስደው ሰው ማዘጋጀት አለበት ወይ በመጣበት መመለስ ይኖርበታል። የወረቀት ጉዳይም እንዲሁ አስቀድሞ ይታሰባል፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከባንፍ ለመነሳት የካናዳም የአሜሪካም ቪዛ ያስፈልገዋል። የካናዳው ካልተገኘ ሞንታና ድንበር ላይ ካለችው ሩስቪል መጀመር ይቻላል፤ ስታምስታድም ከዚያው ነበር የተነሳው፣ ከዚያም 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል።

በኮሎራዶዎቹ ዴንቨርና አውሮራ ለሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ መሆን የለበትም። መንገዱ በብሬክንሪጅ በኩል ያልፋል፤ ከዴንቨር በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከብሬክንሪጅ ወደ ኮሞ የሚወስደው ቦሪያስ ፓስ 3,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር የሄደበት መስመር ስለሆነ ሽቅቡ ለስለስ ያለ ነው። እዚያ ላይ ሙሉ ጭነት ጭኖ፣ ውኃውን አጣርቶ፣ በሶውን በጥብጦ፣ አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድሮ መመለስ ከብዙ ወር ንባብ የበለጠ ያሳውቃል፦ የትኛው ቦርሳ እንደሚላላ፣ የትኛው ልብስ እንዳልተነካ፣ ውኃው በስንት ሰዓት እንዳለቀ። በሚቀጥለው ጁን ባንፍ ላይ ለመቆም የሚያስብ ሰው ይህን ሙከራ ዘንድሮ፣ በረዶው ከቦሪያስ ላይ እንደቀለጠ ያድርግ።