ያቃን፦ የዝምድና ምስክር የሆነ ግሥ

ከካራማራ ግርጌ፣ ከጅጅጋ፣ ተወልጄ ሳድግ ሶማሊኛውን «ያቃን» በየቀኑ እሰማ ነበር፤ «ያውቃል» ማለት ነው። ጥንታዊነቱን ያስተዋልሁት ግን የግዕዝ እርባታ ስማር ነው።

የሶማሊኛ ግሥ እንደ ደንቡ በመጨረሻው ይለወጣል፤ «አመጣሁ» ኬናይ፣ «አመጣህ» ኬንታይ ይባላል። ማወቅ፣ ማለትና መምጣት ያሉባቸው አራት ወይም አምስት ግሦች ብቻ እንደ ጥንቱ በመነሻቸው ይረባሉ፦ አቃን፣ ታቃን፣ ያቃን፣ ናቃን። ግዕዙም አአምር፣ ታአምር፣ ያአምር፣ ናአምር ይላል። አማርኛችንም «ታውቃለህ፣ ያውቃል» ሲል ይህንኑ ይዟል። የቃሉ ሥር ቢለያይም እርባታው አንድ ነው፤ ኩሻዊው ሶማሊኛና ሴማዊው አማርኛ ከአንድ ጥንታዊ የቋንቋ ቤተሰብ ይወለዳሉና። አፋርኛማ እንዲህ ያሉ ግሦችን በብዛት ጠብቋል።

ለግጥምም ይጠቅማል። የአማርኛ ገጣሚ ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ሲሆን፣ የሶማሊኛው ገጣሚ በየስንኙ አንድ ዓይነት መነሻ ድምፅ ይደጋግማል። በ«ተ» ለሚገጥም «ታቃን»፣ በ«ነ» ለሚገጥም «ናቃን» ይገኝለታል፤ ኬናይ ግን በማንም ቢነገር መነሻው ያው «ከ» ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ በአንድ ዴስክ ተቀምጠን አንዳችን የሌላውን ቋንቋ እንደ ባዕድ አንቁጠር። ጠንክረን እንማር፤ ያን ጊዜ ሁላችንም በአንድ አፍ «ናቃን» እንላለን።